ከሳፋው ስር የቀረችው ዶሮ

ልጅ ሳለሁ በረዶ ሲጥል ደስ ይለኝ ነበር። የቆርቆሮው ጩኸት ሁሉን ነገር ስለሚውጠው ቤት ውስጥ ብዘልም ብዘፍንም የሚቆጣኝ አልነበረም፤ ሲያባራ ደግሞ ከሰፈር ልጆች ጋር በጣሳ እየዛቅን፣ ስኳር እየነሰነስን እንበላው ነበር። አሁን ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ እኖራለሁ። ቆርቆሮው ከእኔ ሩቅ ነው፣ ዶሮም የለኝም። ሆኖም የመጀመሪያው ጠጠር መስኮቱን ሲመታ እጄ ላይ ያለውን አስቀምጬ ቀጥ ብዬ እቆማለሁ። ባለቤቴ በዚህ ይስቅብኛል። ይሳቅ፣ እሱ ያደገው በረዶ በማይጥልበት አገር ነው።

ያኔ የምንኖረው ጎፋ ነበር፤ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ከእማማ ከድጃ ጋር አንድ ግቢ በምንጋራበት የጭቃ ቤት። አባቴን አላስታውሰውም። እማዬ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ትሠራ ስለነበር ጠዋት ስነቃ ወጥታለች፣ አመሻሽ ላይ ስትገባ ቀሚሷ ላይ የክር ቁርጥራጭ ተለጣጥፎ ይመጣል። አያቴ ለዓይኑ ሕክምና ከሆሳዕና ማዶ ካለው ገጠር እስኪመጣ ድረስ ቤቱ ውስጥ እኔና እሷ ብቻ ነበርን።

አያቴን አባባ እለው ነበር፣ አንተ እያልኩ። መጀመሪያ እንደ ጨዋ ልጅ አንቱ ብዬው ነበር። ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ በፋሻ ባልተሸፈነው ዓይኑ አተኩሮ አየኝና «አንቱ ለእንግዳ ነው» አለኝ። «እኔ እዚህ ቤት እንግዳ ነኝ?» እንደ ተግሣጽ ወስጄው ከዚያ ቀን ጀምሮ አንተ አልኩት። ካደግሁ በኋላ ሳስበው ግን ሰውየው የምሩን እየጠየቀ ነበር።

ዓይኑ ዳነ። ሙሉ በሙሉ ባይሆንም ሰው ከሰው ለየ። አጎቴ ከአገር ቤት እየደወለ መቼ ትመጣለህ ይለው ጀመር፤ አባባም ልብሱን ማጠፍ ጀመረ። እማዬ እንዲሄድ አልፈለገችም። አያቴ ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ እዚያ ቤት ከአጥሩ ስር ተቀምጦ መዋል ብቻ እንደሚጠብቀው ታውቅ ነበር። አትሂድ ብላ መለመን ግን አባትና ልጁ ሁለቱም የማይችሉበት ነገር ነው። ስለዚህ አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ የሚንጫጫ ካርቶን ይዛ ገባች። መክደኛውን ስትከፍተው በጫጩት ተሞልቷል።

«አባዬ፣ እነዚህን ማን ያይልኛል?» አለችው። «እኔ ፋብሪካ፣ እሷ ትምህርት ቤት።»

«የዶሮ ዘበኛ ልታደርጊኝ ነው?» አለ፤ ቅር ያለው መሰለ። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ግን ከጎረቤት አሮጌ ቆርቆሮ ለምኖ፣ ሚስማር እያቃና ቤት ሲሠራላቸው አገኘሁት። ለአጎቴ በስልክ «ጫጩቶቹ ነፍስ እስኪያውቁ ነው» አለው። ነፍስ ካወቁ በኋላ «እንቁላል እስኪጥሉ ነው» አለው። እንቁላል ሲጥሉም ሌላ ምክንያት ተገኘ። እኔም የልጅ ጆሮዬን አቁሜ እሰማ ስለነበር ነገሩ ገብቶኛል። ዶሮ እስካለ ድረስ አባባ አለ። ሰማይ ላይ ጭልፊት ባየሁ ቁጥር የምፈራው ለዶሮዎቹ ሳይሆን ለእሱ ነበር።

ምክንያቱም አባባ ከመጣ ወዲህ የምሽቱ ነገር ተለውጦ ነበር። ማድ ቤታችን እንጨቱ ጭቃ ያልተመረገበት፣ ጣሪያው ሸራ የሆነ፣ ንፋስ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላ የሚወጣበት ነበር። እማዬ እራት ከሠራች በኋላ የተረፈውን ፍም ከበን እንቀመጣለን። እኔ ጋቢው ውስጥ እገባለሁ፤ ጋቢው የበግና የጭስ ሽታ አለው። አባባ ወዲያው አይጀምርም። መጀመሪያ «ሁሉም ገብቷል?» ብሎ ይጠይቀኛል። በእነሱ አገር ከብቱ፣ ዶሮው፣ ልጁ ሁሉ ከቤት ሳይገባ ተረት አይወራም፤ ደጅ የቀረ ካለ ተረቱ ደጅ ደጁን ያያል፣ ይለኛል። ስለዚህ ፋኖስ ይዤ ወደ ዶሮ ቤቱ እሮጣለሁ፣ በቀዳዳው አጮልቄ እቆጥራቸውና ተመልሼ «ሁሉም ገብቷል» እለዋለሁ። ያኔ ይጀምራል። አማርኛው አንዳንድ ቦታ ላይ ሲያጥርበት በሀድይኛ ይሞላዋል፤ ትርጉሙን ሳልጠይቀው ይገባኝ ነበር ወይስ የገባኝ ይመስለኝ ነበር፣ አሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ተረቱ የሚያጓጓ ቦታ ሲደርስ ቆም ይልና በእንጨት ፍሙን ይቆሰቁሳል። «ከዚያስ?» እስክለው ይጠብቃል፤ ሳልለው አይቀጥልም።

በረዶው የጣለው ሰኔ ሲገባ ነው። ከትምህርት ቤት ተመልሼ ዩኒፎርሜን እንኳ አላወለቅሁም ነበር። ዶሮዎቹ ግቢው ውስጥ ተበትነው ይጭራሉ፣ አባባ ደፉ ላይ ተቀምጦ ያያቸዋል። በጀሞ ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቆረ፤ ከዚያ ንፋስ መጣ፤ ከዚያ ለውዝ የሚያካክል ጠጠር ቆርቆሮው ላይ መንጠባጠብ ጀመረ። ቆሜ ሳጨበጭብ ጠጠሩ የቄብ እንቁላል አከለ። አባባ ጋቢውን ጭንቅላቱ ላይ ጥሎ ወጣ። የዶሮዎቹ ቤት ከደጃፋችን ሩቅ አልነበረም፤ ዶሮ ግን ሲደነግጥ ወደ ቤቱ አይሄድም፣ አጥር ለአጥር ይሮጣል፣ ጥግ ውስጥ ጭንቅላቱን ይቀብራል። እሱም በዚያ ደካማ ዓይኑ በነጩ ውስጥ ነጩን ዶሮ እየፈለገ፣ አንዷን ሲይዝ አንዷ እያመለጠችው፣ በረዶው ጭንቅላቱንና ትከሻውን እየቀጠቀጠው ግቢውን ዞረ። እማማ ከድጃ ከበራቸው ሆነው «አቶ ኤርጫፎ፣ ኧረ ይግቡ! ዶሮ ይተካል፣ ሰው አይተካም!» እያሉ ጮኹ። የሰማቸው አይመስለኝም። እኔም እጮህ ነበር፣ ምን እንዳልኩ ግን አላስታውስም።

ሲያባራ ግቢው ነጭ ሆኖ ነበር። የማድ ቤቱ ሸራ ተቀዶ ወደ ውስጥ ተንጠልጥሏል፣ ምድጃው ባለበት ውሃ ቆሟል። የቤታችን መስኮት መስታወት ረግፏል። መብራት ጠፍቷል። አባባ ደፉ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ከግንባሩ የሚወርደውን ደም በእጁ ጀርባ እየጠረገ «ልቅም አድርገሽ አምጪልኝ» አለኝ። ለቀምኳቸው። አንዳንዶቹ ሞተዋል፤ እነሱን በአንድ በኩል አስቀመጥኳቸው። በሕይወት ያሉት በእጄ ውስጥ ይንቀጠቀጡ ነበር፤ ላባቸው ከቆዳቸው ጋር ተጣብቆ ለካ ያን ያህል ትንሽ ናቸው። ከዚያ በፊት ዶሮ ስትርስ ምን እንደምትመስል አይቼ አላውቅም ነበር።

አባባ ሥራ ጀመረ። እስካሁን ድረስ የእጁን ነገር ሳስብ የማየው ያን ቀን የሠራውን ነው። እያንዳንዷን በአሮጌ ሹራብ ጠቅልሎ ያደርቃል፣ ሳያሽ፣ እየጫነ። ክንፏ የወለቀውን ክንፏን እንደተኛች ዶሮ አጥፎ በጨርቅ ከጎኗ ጋር ያስራል። ገብስማዋ እግሯ ተሰብሮ ነበር። ከመጥረጊያችን ሁለት ቀጭን እንጨት ሰብሮ፣ እግሯን ቀጥ አድርጎ በመሃል አገባና የሚታሰርበት ነገር ሲፈልግ የፀጉሬን ሪባን ፈትቼ ሰጠሁት። ቁስላቸውን በጨው ውሃ ካጠበ በኋላ ከሰል ፈጭቶ ቀባው። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው «ደም ካዩ እርስ በርስ ይጫጫራሉ፤ ጥቁር ከሆነ አያዩትም» አለኝ። ውሃ ውስጥ ስኳር አሟምቶ በጣቱ ጫፍ እያንጠባጠበ በምንቃራቸው ጎን ያጠጣቸዋል፣ እኔ ካርቶን አዘጋጃለሁ፤ ለአንዷ አንድ ካርቶን፣ ውስጡ ገለባ፣ ላዩ ጨርቅ። ያን ያህል በፍጥነት ሲሠራ አይቼው አላውቅም። እየሠራ በሀድይኛ ያጉረመርማል። ይጸልይ ይሆናል፣ ይቆጣም ይሆናል።

መጨረሻ ላይ ወሰራዋ ዶሮ ቀረች። በረዶው አንገቷን መቷት ጭንቅላቷ ወደ ጎን ዞሯል፣ ሲያስቀምጣት ትዞርና ትወድቃለች። ዓይኗን ገልጦ አየ፣ ደረቷን ዳሰሰ።

«ይቺ አታድርም» አለ።

«ልታርዳት ነው?»

«ዛሬ ቢላ አላነሳም።» ተነስቶ ደጅ፣ ከግድግዳው ስር ካለው የልብስ ማጠቢያ ድንጋይ አጠገብ ደረቅ ገለባ ጣለ፣ አስቀመጣትና ጎኑ የተሰነጠቀውን የእማዬን ሰማያዊ ሳፋ ገልብጦ ደፋባት። ሌሎቹ እንዳይነካኳት፣ በሰላም እንድትሞት ነው፣ አለኝ። አለቀስኩ። እሱ አላየኝም፣ ወይም እንዳላየ ሆነ።

ከዚያ እማዬ ደወለች። ሀይሌ ጋርመንት ጋ ጎርፍ መንገዱን ዘግቶታል፣ ታክሲ የለም፣ በእግሬ እየመጣሁ ነው አለች። ድምፅዋ ከስልኩ ውጭ ድረስ ይሰማኝ ነበር። «ዶሮዎቹስ?» አለችው። አባባ ካርቶኖቹን ዞሮ አየና «አሉ» አለ። ሌላ ምንም አልጨመረም። በኋላ እማዬ እንደነገረችኝ ያን ቀን እንድትሮጥ ያደረጋት ይቺው ቃል ናት። አባቷ ስለ ዶሮ ሲጠየቅ ይቺ እንዲህ ሆነች፣ ያቺ እንዲህ አለች እያለ ካርድ እስኪያልቅ የሚያወራ ሰው ነበር።

አሁን የምነግራችሁን ነገር ሰው ሲሰማ ቶሎ ይፈርዳል። አዲስ አበባ የኖረ ሰው ሁሉ በሩን ዘግቶ ከሰል እንደማያነድ ያውቃል። እማዬም ታውቃለች፤ ከሰል ከማድ ቤት አሳልፋ አታውቅም፣ ለምን እንደሆነ ግን ነግራን አታውቅም፤ የሚነገር ነገር አይመስላትም ነበር። አባባ ያደገበት ቤት ግን ሌላ ነው። ትልቅ የሣር ቤት ነው፤ በአንድ በኩል ከብት፣ በአንድ በኩል ሰው፣ መሃል ላይ እሳት። እሳቱ የእንጨት ነው፣ ጭሱ በሣሩ ውስጥ እየተጣራ ይወጣል። ክረምት ላይ ጥጃ ከተወለደ ከእሳቱ ጎን ይተኛል፣ ሕፃን ከታመመ ከእሳቱ ጎን ይተኛል። ስንት ጥጃ እንዲህ እንዳተረፈ ነግሮኛል። ለዶሮዎቻችንም ያደረገው ለጥጃዎቹ የሚያደርገውን ነው። የኛ ቤት ግን ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ከቆርቆሮው ስር ኮርኒስ አለው፣ ግድግዳው ተለስኗል።

ማድ ቤቱ ውሃ ስለሞላው የከሰል ምድጃውን ወደ ቤት አመጣ። ከጆንያው ስር ደረቅ የቀረውን ከሰል ለቅሞ በር ላይ አቀጣጠለና ወደ ውስጥ አስገባው፤ ገና በደንብ ሳይፋም፣ ሰማያዊ ነበልባል እያለው። የረገፈውን መስኮት በጋቢውና በላስቲክ ወተፈው። በሩን ዘጋና ከስሩ በሚገባው ብርድ ላይ ጆንያ ጠቀጠቀበት። ካርቶኖቹን ከምድጃው ዙሪያ ደረደርናቸው። ፋኖሱን ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት። ቤቱ ሞቀ። ከዚያ ሁሉ ብርድ በኋላ እንዴት እንደተመቸኝ አልረሳውም። ዶሮዎቹም መንቀጥቀጥ ተዉ፣ አንዳንዷ ካርቶኗ ውስጥ ቅር ቅር የሚል ድምፅ አሰማች፤ አባባ ቀና ብሎ ፈገግ አለ። ያን ቀን ጥርሱን ሳየው የመጀመሪያ ጊዜዬ ነበር።

«ሁሉም ገብቷል?» አለኝ።

ካርቶኖቹን ቆጠርኩ። «ወሰራዋስ?»

«እሷን ተያት።»

«እንግዲያው ሁሉም ገብቷል» አልኩት። እሱም ጀመረ።

ድሮ በረዶ እንደ ሰው በእግሩ ይሄድ ነበር አለ። ነጭ ጋቢ ለብሶ ከደጅ ደጅ እየዞረ፣ የእግዜር እንግዳ ነኝ አሳድሩኝ ይላል። ጅብ ሳይከፍትለት ቀረ። ጦጣ አሾፈችበት። ላሟ አጥንቴን ታቀዘቅዘዋለህ አለችው። መሽቶበት ዶሮ ቤት ደረሰ። ዶሮ ቤቷ ጠባብ ነው፣ ጫጩቶቿ ብዙ ናቸው፤ እንግዳ ግን እንግዳ ነውና ገባ በል አለችው፣ ከፍ ያለው ቦታ ላይ አስቀመጠችው።

«አባባ፣ ገብስማዋ ተኛች» አልኩት። ጭንቅላቷ በካርቶኑ ጠርዝ ላይ ዘንበል ብሎ ነበር።

«ትተኛ። ሙቀት አግኝታ ነው።»

እንግዳው ሲገባ ቤቱ በረደ። ጫጩቶቹ ክንፏ ስር ገብተው እናታችን በረደን፣ እሳት አንድጂልን አሏት። ዶሮ እንግዳውን አየች። እሳት ካነደደች እንግዳው ይቀልጣል፣ በቤቷ የገባ እንግዳ በእጇ ሞተ ማለት ነው። ካላነደደች ልጆቿ ሲነጋ ደርቀው ይገኛሉ። ውጣ እንዳትለው ደግሞ አንዴ አስገብታዋለች።

እዚህ ላይ አባባ ቆመ። እንጨቱን አንስቶ ፍሙን ቆሰቆሰ፤ እኔም «ከዚያስ?» ማለት እንዳለብኝ አውቃለሁ። ጭንቅላቴ ግን ከብዶኝ ነበር፣ በጆሮዬ ውስጥ አንድ ነገር ይመታል። ዶሮዎቹን አየኋቸው፤ ሁሉም ተኝተዋል። ዳኑ ብዬ ደስ አለኝ። ነገ እማዬ ታያቸዋለች፣ አጎቴ ይደውላል፣ አባባም ገና እግራቸው እስኪጠገን ነው ይለዋል ብዬ አሰብኩ። «ከዚያስ?» ያልኩ ይመስለኛል። አባባ መልስ አልሰጠኝም። እንጨቱን እንደያዘ አንገቱን ደፍቶ ነበር። ተረቱን እያስታወሰ መሰለኝ።

ከዚያ የማስታውሰው ጉንጬ ላይ ያለውን ብርድ ነው። እማዬ ግቢው ውስጥ በረዶው ላይ አስተኝታኛለች፣ ፊቴን በበረዶ ታሻሻለች፣ «ኢየሱስ፣ ኢየሱስ፣ ኢየሱስ» ትላለች፣ ሌላ ቃል የላትም። ገና ጨርሶ አልጨለመም። ሰማዩ ታጥቦ ነበር። አስመለሰኝ። እማማ ከድጃ ወተት ይዘው መጥተው አፌን በግድ አስከፈቱኝ፣ ግማሹ አንገቴ ላይ ፈሰሰ። ያን ሁሉ ዶሮ የቀጠቀጠው በረዶ ነው እኔን የቀሰቀሰኝ። ልጅ ሆኜ በዚህ ነገር ላይ ብዙ ቆይቻለሁ፤ በረዶውን ልጥላው ወይስ ላመስግነው አላውቅም ነበር።

እማዬ በሩን ስትገፋው ጆንያው እምቢ ብሏት፣ በትከሻዋ ገፍታ ነው የገባችው። አባባን ከእማማ ከድጃ ጋር ሆነው ጎትተው አውጥተው ግድግዳው ጋ አስደግፈውት ነበር። ሐኪም ቤት የሚወስደን መኪና ተፈልጎ ጠፋ፤ መንገዱ ሁሉ ውሃ ነው። እሱ ነፍሱን ሲያውቅ ደጋግሞ አንድ ነገር ይጠይቅ ጀመር፣ በሀድይኛ። እማዬ «አለች፣ አለች» ትለዋለች። የሚጠይቀው ስለ እኔ ነበር።

ቀጥሎ እማዬ ካርቶኖቹን አንድ በአንድ አውጥታ ግቢው ላይ አስቀመጠች። ዶሮዎቹ በሙሉ ሞተው ነበር። ላባቸው ደርቆ፣ ክንፋቸው በደንብ ታስሮ፣ ቁስላቸው ጠቁሮ። የገብስማዋ እግር በሪባኔ እንደታሰረ ቀጥ ብሏል፤ ለመራመድ የተዘጋጀች ትመስል ነበር። አባባ ሁሉንም አየ። እማዬ ምድጃውን ይዛ ወጥታ ፍሙን በረዶው ላይ ደፋችው፤ ጢስ ሆኖ ተነሳ። ከዚያ ዞራ አየችውና «ከሰል፣ አባዬ? ከሰል?» አለችው።

ሌላ አልተናገረችም። አልሰደበችውም፣ አልጮኸችበትም። እማዬ እስከ ዛሬ ድረስ ያቺን ቃል ብመልሳት ትላለች። ደንግጣ ነበር፣ ልጇን ሞታ አግኝታት ነበር ማለት ይቻላል፤ ማን ይፈርድባታል። ግን እሱ ቃሏን ሲሰማ ፊቱ ምን እንደሆነ እኔም አይቻለሁ።

ጠዋት ስነቃ አባባ ጋቢውን ከመስኮቱ አውጥቶ ለብሶ፣ ባርኔጣውን አድርጎ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ቦርሳው እግሩ ስር ነው። ግንባሩ ላይ ያለው ቁስል ደርቋል። ማንም ሳይጠይቀው «መናኸሪያ የሚያደርሰኝ ታክሲ ካለ ልሂድ» አለ፣ ወደ ግድግዳው እያየ። እማዬ ደፉ ላይ ቆማ ነበር። ምን ትበለው? ማን ያይልኛል የምትልበት ነገር አልቋል። ደጅ ወጣች። የሞቱትን ልትሰበስብ ሳፋውን እንደምትፈልግ አወቅሁ፣ ተከተልኳት።

ሳፋውን ስታነሳው ወሰራዋ ቆማ ነበር። ገለባው ላይ፣ በሁለት እግሯ፣ ጭንቅላቷ ወደ ጎን ዞሮ። በሳፋው ስንጥቅ የገባው ብርድ አልገደላትም። በአንድ ዓይኗ እኛን አየችና ድምፅ አወጣች። እማዬ ሳፋውን ጣለችው። ዶሮዋን በሁለት እጇ አቅፋ ገባች፣ አባቷ ጭን ላይ አስቀመጠቻት።

«ይቺንስ» አለችው፣ «ይቺንስ ማን ያይልኛል?»

አባባ ብዙ ጊዜ ሳይነካት ቆየ። እጁን ከጭኑ ላይ አንስቶ በአየር ላይ ይዞት ነበር፣ ቢነካት የምትሞትበት ይመስል። ዶሮዋ ራሷ ናት ጋቢው እጥፋት ውስጥ ተጠግታ የተኛችው። ባርኔጣውን አወለቀ።

ቀረ። ወሰራዋም አንገቷ ጠሞ፣ በጎን እየሄደች፣ እህሉን በሦስተኛው ሙከራ እየለቀመች ብዙ ዓመት ኖረች። አጎቴ ሲደውል «አንዲት ዶሮ አለችብኝ» ይለዋል። ተረት ግን አላወራም። መጀመሪያ ሰሞን እለምነው ነበር፤ ፋኖስ ይዤ ሄጄ ወሰራዋን አይና ተመልሼ፣ ሳይጠይቀኝ «ሁሉም ገብቷል» እለዋለሁ። «ረሳሁት» ይለኛል። አንድ ቀን ተናድጄ እንዴት ይረሳል፣ ዶሮዋ ምን አደረገች፣ ያንን ብቻ ንገረኝ አልኩት። ተነስቶ ወጣ። እማዬ ሁለተኛ እንዳትጠይቂው አለችኝ፣ እኔም ተውኩት። ተረት እያወራ ሊገድልሽ እንደነበር ያስባል፣ ብላ የነገረችኝ ትልቅ ከሆንኩ በኋላ ነው። እኔ ግን የጎደለኝን ነገር የማውቀው አመሻሽ ላይ ነበር፤ ሁላችንም ቤት ውስጥ ነን፣ እራት በልተናል፣ ማንም አያወራም። ያኔ በጣም አዝኜበት ነበር። አሁንም አዝንበታለሁ።

ተረቱን ሲተው አንድ ሌላ ልማድ ያዘ። ከመተኛቱ በፊት ቤቱን ዞሮ መስኮቱን ስንዝር ያህል ይከፍታል። በክረምትም። ጀሞ ከገባን በኋላም፣ አግብቼ ልጅ ከወለድኩ በኋላም፣ እዚህ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከሰል የሚባል ነገር በሌለበት ቤት፣ በዱላው ወለሉን እየነካካ ከክፍል ክፍል ይዞራል። ባለቤቴ ይዘጋዋል፣ እሱ ይከፍተዋል። አንድም ቀን አልተነጋገሩበትም።

የመጨረሻው ክረምት ላይ መነሳት አቃተው። ሳሎን ሶፋው ላይ ነበር የሚተኛው። አንድ ምሽት ዝናብ ይዘንባል፣ መብራት ጠፍቶ ሻማ አብርቻለሁ፣ አጠገቡ ተቀምጬ እግሩን አሻሸዋለሁ። ዓይኑን ሳይገልጥ «ሁሉም ገብቷል?» አለኝ።

እጄን ከእግሩ ላይ አነሳሁ። እማዬ ጓዳ ተኝታለች፣ ባለቤቴ ገብቷል፣ ልጄ አልጋው ላይ ነው። «ሁሉም ገብቷል፣ አባባ» አልኩት። በርጩማዬን አስጠጋሁ። ጠበቅሁ፤ እንደገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ነበር የጠበቅሁት። እየፈራሁ፣ «ከዚያስ? ዶሮዋ ምን አደረገች?» አልኩት።

አተነፋፈሱን እየሰማሁ እግሩን ማሻሸቴን ቀጠልኩ።

«መስኮቱን ክፈቺው» አለኝ።

ከፈትኩት። ብርዱ ገባ፣ ሻማው ተወላገደ። ስመለስ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም።

የተረቱ መጨረሻ ያ ይሁን፣ ወይም አንድ ሽማግሌ እንደ ልማዱ መስኮት ማስከፈቱ ብቻ ይሁን፣ አላውቅም። አንዳንድ ቀን አንደኛውን አምናለሁ፣ አንዳንድ ቀን ሌላኛውን። ለልጄ ተረቱን እነግረዋለሁ። በረዶው ከደጅ ደጅ ሲዞር ይስቃል፣ ጫጩቶቹ ሲበርዳቸው ብርድ ልብሱን ይስባል፣ እዚያች ቦታ ስደርስ «ከዚያስ?» ይለኛል፣ እንጃ ስለው ይናደድብኛል። እውነቱን ነው። ከዚያ እንቅልፍ ይወስደዋል። እኔ ግን ቶሎ አልወጣም፤ ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል በጨለማው ውስጥ እስካይ ድረስ እቆማለሁ፣ ከዚያ መስኮቱን ትንሽ ጨምሬ እከፍተዋለሁ።